ከ98 ቀን በኋላ፦ የፒተር ቼክ የራስ ቅል ስብራትና የበረኛነት ዘመኑ

ፒተር ቼክ ሲባል ቀድማ ትዝ የምትለው ያቺ ጥቁር ቆብ ናት። ስሙ የጠፋበት ተመልካች እንኳ «ባለቆቡ በረኛ» ካሉት ማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። የዚህ ጥናት ጉዳይ ግን ቆቧ አይደለችም። ጉዳዩ የራስ ቅሉ ወደ ውስጥ የተሰበረ በረኛ በ98 ቀን ወደ ሜዳ ተመልሶ፣ ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ በትልቅ ደረጃ እንዴት ሊጫወት እንደቻለ ነው። ቆቧ በዚህ ውስጥ ያላት ድርሻ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። ትልቁን ድርሻ የያዙት ሕክምናው፣ ሳይቸኩሉ የተሰጠው ጊዜና የበረኛው የራሱ የዝግጅት ልማድ ናቸው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጉዳቱ በፊት ምን ዓይነት በረኛ እንደነበር

ቼክ በሜይ 20 ቀን 1982 በቼክ ሪፐብሊክ ፕልዘን ከተማ ከሦስት መንታዎች አንዱ ሆኖ ተወለደ። በልጅነቱ በአጥቂነት ነበር የሚጫወተው። በ10 ዓመቱ እግሩ ሲሰበር ወደ ግብ ጠባቂነት ዞረ። በ1999 ለቢራ መጥመቂያ በሚሆነው በሆፕ ተክል እርሻዋ ከምትታወቀው ከብልሻኒ ትንሽ ክለብ ጋር በከፍተኛው ሊግ መጫወት ጀመረ፤ ክለቡም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተክል ነው። በ2001 ወደ ስፓርታ ፕራግ ሲዛወር በሊጉ 903 ደቂቃ ግብ ሳይቆጠርበት ቆይቶ የሀገሩን ክብረ ወሰን ያዘ። በፌብሩዋሪ 2002 ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ቼክ ሪፐብሊክ ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን ፈረንሳይን በመለያ ምት አሸንፋ ስትወስድ ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነበር።

ቀጥሎ በፈረንሳዩ ሬን ሁለት ዓመት ቆየ። ለበረኛ እንዲህ ያለ ክለብ ትምህርት ቤት ነው፤ ሻምፒዮን ቡድን ውስጥ በሳምንት ሁለት ኳስ የሚመጣበት ወጣት፣ የሚቸገር ቡድን ውስጥ ሲገባ ስምንትና ዘጠኝ ይመጣበታል። ከሁሉም በላይ ግን በሬን ያገኘው አንድ ሰው ለኋላው ዘመኑ ወሳኝ ሆነ፤ የበረኞች አሰልጣኙ ክሪስቶፍ ሎሊሾን። ወደ እሱ እንመለሳለን።

በ2004 ቼልሲ በ7 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመው። የቁጥር አንዱ ቦታ የካርሎ ኩዲቺኒ ነበር፤ ኩዲቺኒ በዝግጅት ወቅት ሲጎዳ ቼክ ገባ፣ ከዚያም አልወጣም። በ2004/05 ቼልሲ በ38 ጨዋታ 15 ግብ ብቻ ሲቆጠርበት ቼክ በ24 የሊግ ጨዋታ መረቡን አላስደፈረም፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ የበለጠ ያስመዘገበ በረኛ የለም። በዚያው ወቅት 1,025 ደቂቃ ያለ ግብ አልፏል። 1 ሜትር ከ96 የሚረዝም ሰው ከማዕዘን ምት የሚሻገረውን ኳስ በሁለት እጁ ከላይ ሲያወርድ ማየት ለተከላካዮቹ ትልቅ እፎይታ ነበር። በ2006 የበጋ ወራት ላይ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በእጁ ነበረ፣ ዕድሜው ደግሞ ገና 24።

ኦክቶበር 14 ቀን 2006፣ ማዴይስኪ ስታዲየም

ቼልሲ ወደ ሬዲንግ ሄዷል። ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ኳስ ከቼልሲ ተከላካዮች ጀርባ ትገባለች፤ የሬዲንጉ ስቴፈን ሀንት ይከተላታል፤ ቼክ ከግቡ ወጥቶ በጎኑ ተንሸራቶ ይቀድመዋል። ሀንት በሙሉ ፍጥነቱ ስለነበር መቆም አልቻለም። ቀኝ ጉልበቱ የበረኛውን ጭንቅላት መታ።

ይህን ቅጽበት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በማንኛውም ሜዳ፣ በየሳምንቱ የሚደገም ነው። በረኛ ለአንድ ለአንድ ኳስ ሲወጣ ሦስት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ኳሷ ከአጥቂው እግር በራቀችበት ቅጽበት መነሳት፤ አጥቂው ኳሷን ከነካት በኋላ ያለው ርምጃ የበረኛው ዕድል ነው። ሁለተኛ፣ በጎን መውደቅ፤ ደረትና ሆድ ወደ አጥቂው፣ እጆች ወደ ኳሷ፣ የላይኛው ጉልበት ታጥፎ። በዚህ አኳኋን አካሉ በመሬት ላይ እንደ አጥር ይዘረጋል። ሦስተኛ፣ እጅ ከጭንቅላት መቅደም። እጆቹ ኳሷ ላይ ሲደርሱ ክንዱ ፊቱን ይሸፍናል፤ አገጩ ወደ ደረቱ ይገባል፤ ዓይኑ በክንዶቹ መካከል ያያል።

ችግሩ ግን ሁሉም በትክክል ቢደረግ እንኳ አንድ ነገር አይቀየርም። የበረኛው ጭንቅላት በሩጫ ላይ ባለ ሰው ጉልበት ከፍታ ላይ ይሆናል። ፈጣን ተጫዋች በሰከንድ 7 ወይም 8 ሜትር ይሸፍናል። በረኛው ኳሷን ሲይዝ አጥቂው 2 ሜትር ላይ ካለ፣ ለመዝለል ወይም አቅጣጫ ለመቀየር ያለው ጊዜ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው አይቶ ለመወሰን የሚያስፈልገው ጊዜ ራሱ ከዚያ አይተናነስም። ስለዚህ አጥቂው ክፋት ባይኖረውም ግጭቱ ይደርሳል። ሀንት ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው የሚለው ክርክር ለዓመታት ቢዘልቅም ቅጣት አልተጣለበትም።

በእግር መውጣት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በጃንዋሪ 21 ቀን 2013፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ በዛምቢያው ጨዋታ ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ እግሩን አንስቶ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር ሲጋጭ በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ዋልያዎቹ በአሥር ሰው ተጫውተው በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 መለያየታቸው ለቡድኑ ክብር ነው። ለበረኛ አሰልጣኝ ግን ትምህርቱ እግር ከእጅ ሲቀድም ምን እንደሚመጣ ነው፤ ራስን ከአደጋ ይሸፍናል፣ ሌላውን ግን ይጎዳል፣ ቡድኑንም ሰው ያሳጣዋል።

የሬዲንጉ ቀን በቼክ አላበቃም። ተቀይሮ የገባው ኩዲቺኒ በጨዋታው መጨረሻ ከኢብራሂማ ሶንኮ ጋር በአየር ላይ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሦስተኛ በረኛ በተቀያሪ ወንበር ላይ አልነበረም። አምበሉ ጆን ቴሪ የበረኛ ማልያ ለብሶ የቀሩትን ደቂቃዎች ግቡ ላይ ቆመ፤ ቼልሲ 1 ለ 0 አሸነፈ። እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በናይጄሪያው ጨዋታ ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻው ሰዓት በቀይ ሲወጣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር ጓንቱን ያጠለቀው አዲስ ህንጻ ነበር። በየቡድኑ ከሜዳ ተጫዋቾች መካከል አንዱ ቢያንስ የተሻጋሪ ኳስ አያያዝን እንዲለማመድ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ከሜዳ እስከ ኦክስፎርድ

ቼክ መጀመሪያ የተወሰደው በሬዲንግ ወዳለው ሮያል በርክሻየር ሆስፒታል ነው። ጉዳቱ ሲታወቅ ወደ ኦክስፎርድ ራድክሊፍ ኢንፈርመሪ ተዛወረ፤ የአእምሮ ቀዶ ሐኪሞች እዚያ ነበሩ። የደረሰበት ወደ ውስጥ የገባ የራስ ቅል ስብራት ነበር፤ ማለትም የአጥንቱ ቁራጭ ከቦታው ወርዶ ወደ አንጎል ገፍቷል። እንዲህ ያለውን ጥገና ቀላል ስንጥቅ ከመጠበቅ የሚለየው ይህ ነው። ሐኪሙ ቆዳውን ከፍቶ የወረደውን አጥንት ወደ ቦታው ያነሳል፣ ሥሩ ያለው ሽፋን መቀደዱን ያያል፣ ደም ከተጠራቀመ ያስወጣል፣ ከዚያ አጥንቱን በብረት ሳህን ያስረዋል። ለቼክ ሁለት ሳህኖች ገቡለት። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ከሆስፒታል ወጣ።

አምቡላንሱ ዘግይቷል አልዘገየም በሚለው ላይ የቼልሲው አሰልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ በአንድ ወገን፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱና ሬዲንግ በሌላ ወገን ተወቃቅሰዋል። ፍርዱን ወደ ጎን እንተወው። ውጤቱ ግን ተጨባጭ ነበር፤ ፕሪሚየር ሊጉ ከ2007 ጀምሮ በየስታዲየሙ ለተጫዋቾች ብቻ የተመደበ አምቡላንስና የሠለጠነ ባለሙያ እንዲኖር ደነገገ። ቀድሞ የነበረው ዝግጅት በዋናነት ለተመልካቹ የታሰበ ነበር። የጭንቅላት መናወጥ ለገጠመው ተጫዋች የተለየ ቅያሪ የሚፈቅደው ሙከራ ደግሞ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገባው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ከማዴይስኪው ምሽት 14 ዓመት አልፎ ማለት ነው። ይህ መዘግየት ያስቆጫል።

ይህን ለሚያነብ የሰፈር ወይም የክለብ አሰልጣኝ፣ አምቡላንስ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚሠራውን እዚሁ ማስቀመጥ ይገባል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከወደቀበት አይጎተትም፤ አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳይነቃነቅ ይያዝ። ውሃ ፊቱ ላይ መድፋት አያድነውም፤ ሳይነቃ ማጠጣትም ሊያንቀው ይችላል። ራሱን ከሳተ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ካስመለሰው፣ የራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ፣ ክንዱ ወይም እግሩ ከደከመ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል ነው። ምንም ምልክት ባይታይ እንኳ በዚያ ቀን ተመልሶ አይገባም። «ደህና ነኝ» የሚለው የተጫዋቹ ቃል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ ደህንነቱን የሚመሰክረው አካል ራሱ የተመታው ነውና።

98ቱ ቀናት

የበረኛ ማገገሚያ ከሌላ ተጫዋች የሚለይበት ነጥብ አለ። አጥንቱ የራሱ ሰዓት አለው፣ አንጎሉ የራሱ፣ ፍርሃቱም የራሱ። ሦስቱ አብረው አይደርሱም።

አንጎሉን በተመለከተ ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ስድስት ደረጃ አለው። ከቀላል የዕለት እንቅስቃሴ ይጀመራል፤ ቀጥሎ ቀላል ሩጫ ወይም ብስክሌት፣ ከዚያ ያለ ግጭት ኳስ ሥራ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ልምምድ፣ ከሐኪም ፈቃድ በኋላ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ ከባሰ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ይመለሳል። ይህ ግን ለመናወጥ ብቻ ነው። አጥንት ከተሰበረና በሳህን ከታሰረ ጉዳዩ በሳምንታትና በወራት ይቆጠራል፣ የቀዶ ሐኪሙም ፊርማ ያስፈልጋል።

ፍርሃቱን በተመለከተ ደግሞ የበረኛ አሰልጣኞች ቀስ በቀስ የሚያስገቡት ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ በጉልበት ተንበርክኮ በእጅ የተወረወረ ኳስ መያዝ፣ ስምንትና አሥር እያደረጉ። ቀጥሎ ቆሞ፤ ከዚያ በፍራሽ ወይም በለስላሳ ሣር ላይ ወደ ሁለቱም ጎን መውደቅ። ከዚያ ሰው በሌለበት ክልል ውስጥ የተሻገረ ኳስ፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ሰው የሚገፋፋበት። በእግር ሥር መውረድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ አጥቂው በዝግታ እየተራመደ፣ ኋላ በሩጫ። ይህን መሰላል የሚዘል አሰልጣኝ የሚያገኘው ኳስ የሚይዝ ግን ግማሽ ርምጃ የሚያመነታ በረኛ ነው። ከጉዳቱ ራሱ የባሰው ይህ ግማሽ ርምጃ ነው፤ በረኛው ዘግይቶ ሲወጣ አጥቂው ቀድሞ ኳሷን ይነካል፣ ግጭቱም የከፋ ይሆናል። ደፍሮ ቶሎ መውጣት ለበረኛ ደህንነት ነው።

ቆቧ የመጣችው ከራግቢ ነው። በራግቢ ደንብ ለስላሳው ሽፋን ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሆን ይፈቀዳል፤ የእግር ኳሱም ሕግ ለስላሳ፣ ቀላልና ሌላውን የማይጎዳ መከላከያ ይፈቅዳል። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የቆዳ መሰንጠቅንና ቀጥተኛ ምትን ያለዝባል፤ በሳህን በታሰረው ቦታ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሰፋ ባለ ቦታ ያከፋፍላል። የጭንቅላት መናወጥን ግን አይከለክልም፤ መናወጥ የሚመጣው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በድንገት ሲንቀሳቀስ ነውና ከውጭ ያለ ስፖንጅ አይደርስበትም። ስለዚህ ለጤነኛ ልጅ ቆብ ገዝቶ «አሁን ተጠብቀሃል» ማለት ስህተት ነው። በሐሰት መተማመን ጭንቅላትን ቀድሞ የማስገባት ልማድ ያመጣል።

በጃንዋሪ 20 ቀን 2007 ቼክ አንፊልድ ላይ ተመለሰ። ዲርክ ካይት በ4ኛው፣ ጀርሜን ፔናንት በ18ኛው ደቂቃ አስቆጠሩበት፤ ሊቨርፑል 2 ለ 0 አሸነፈ። በዚያ ቀን ቴሪም በጉዳት አልነበረም። አንድ ጨዋታ ብቻ አይቶ «አበቃለት» ብሎ የፈረደ ቢኖር ቼክ ለማሳፈር ብዙ አልቆየም። ከዚያ ሽንፈት በኋላ በሊጉ 810 ደቂቃ ግብ አልገባበትም። የማርች ወር የፕሪሚየር ሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ይህን ሽልማት በረኛ ሲወስድ ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሜይ 19 በአዲሱ ዌምብሌይ ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ መረቡን ሳያስደፍር የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ።

ጄኔቫ፣ የተንሸራተተችው ኳስ

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም የሚወዱ ብዙ ናቸው። ከጉዳት ተመልሶ አሸነፈ፣ አበቃ። የበረኛ ሥራ ግን እንዲህ አይዘጋም።

በኤፕሪል 2008 በልምምድ ላይ ከቡድን ጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ከንፈሩና አገጩ ተሰንጥቆ 50 ስፌት ተሰፋለት። በሜይ 21 በሞስኮው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በመለያ ምት የክርስቲያኖ ሮናልዶን ኳስ አዳነ፤ ቼልሲ ግን ተሸነፈ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጁን 15፣ ጄኔቫ ላይ ቼክ ሪፐብሊክ ከቱርክ ጋር በአውሮፓ ዋንጫ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታ ተገናኘች። አሸናፊው ያልፋል። ያን ኮለርና ያሮስላቭ ፕላሺል አስቆጥረው 2 ለ 0 ሆነ። አርዳ ቱራን በ75ኛው አንዱን መለሰ። በ87ኛው ደቂቃ ሐሚት አልቲንቶፕ ከቀኝ አሻገረ። ኳሷ ለቼክ ቀላል ነበረች፤ ሰው አልገፋውም። ሁለት እጁን አንስቶ ሊይዛት ሲል ሾልካ መሬት ላይ ወደቀች፣ የቱርኩ ኒሃት በቅርብ ቆሞ ነበርና ወደ ግብ ገፋት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ኒሃት ሌላ አስቆጠረ፤ 3 ለ 2። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ የቱርኩ በረኛ ቮልካን ዴሚሬል በቀይ ወጥቶ አጥቂው ቱንጃይ ግቡ ላይ ቆሞ ነበር የተጠናቀቀው።

ስህተቱ ምን ላይ ነው? በዝናብ በራሰ ምሽት፣ የራሰ ጓንትና የራሰች ኳስ ሲገናኙ፣ ለመያዝ ወይስ በቡጢ ለማራቅ የሚለው ውሳኔ ይቀየራል። መያዝ የሚገባው በረኛው ኳሷን ከጭንቅላቱ በላይና ከፊቱ ለፊት በሚያገኛት ጊዜ፣ አውራ ጣቶቹ ተቀራርበው ከኋላዋ ሲሆኑ ነው። ኳሷ ወደ ደረት ከፍታ እየወረደች ከሆነ ወይም ጓንቱ ከከዳው፣ በሁለት ቡጢ ወደ ጎን ማራቅ ውበት ባይኖረውም ግብ አይሆንም። ቼክ ዕድሜውን ሙሉ በመያዝ የኖረ በረኛ ነው፤ ያ ጥንካሬው ያን ምሽት ዋጋ አስከፈለው። ሰዎች ስህተቱን ከ2006ቱ ጉዳት ጋር ሊያያይዙት ሞክረዋል። እኛ አናያይዘውም። ወደ ሜዳ ከተመለሰ በኋላ ለ17 ወራት መቶ ጊዜ የወረደ ኳስ በእርጋታ የያዘ እጅ፣ በዝናብ አንድ ኳስ ሲያመልጠው ምክንያቱን ከዝናቡ መፈለግ ይበቃል።

ሙኒክ፣ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ

ሎሊሾን በ2007 ወደ ቼልሲ መጥቶ ከቼክ ጋር እንደገና ተገናኝቶ ነበር። ለ2012ቱ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያዘጋጀው፣ ተጋጣሚው ባየርን ሙኒክ ከ2007 ጀምሮ የመታቸውን ፍጹም ቅጣት ምቶች ሁሉ የያዘ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ነበር። ቼክ ተቀምጦ አየው።

ሜይ 19 ቀን 2012፣ ልክ የዌምብሌዩ ዋንጫ አምስተኛ ዓመት። ጨዋታው በባየርን በራሱ ሜዳ ነው። ለባየርን ሙለር በ83ኛው አስቆጠረ፣ ለቼልሲ ድሮግባ በ88ኛው መለሰ። በተጨማሪው ሰዓት መጀመሪያ ላይ ድሮግባ ሪቤሪን ጠልፎ ጣለው፤ ፍጹም ቅጣት ምት። መቺው አርየን ሮበን፣ የቼክ የቀድሞ የቼልሲ ጓደኛ። ቼክ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ወድቆ ኳሷን ከሥሩ ያዛት።

የመለያ ምቱ መጣ። ላህም መታ፣ ቼክ በትክክለኛው ወገን ሄዶ በእጁ ነካት፣ ገባች። የቼልሲው ማታ የመታትን የባየርኑ በረኛ አዳነ። ጎሜዝ አስቆጠረ፤ ኖየር፣ በረኛው ራሱ፣ አስቆጠረ፤ ለሁለቱም ቼክ የሄደው ኳሷ በሄደችበት ነው። ሉዊዝና ላምፓርድ አገቡ። አራተኛው ኢቪካ ኦሊች፦ ቼክ አዳነ። ኮል አገባ። አምስተኛው ባስቲያን ሽዋይንስታይገር፦ የቼክ ጣት ነክታት ከግቡ ቋሚ ጋር ተላትማ ወጣች። ድሮግባ አገባ፤ 4 ለ 3።

በዚያ ምሽት ስድስት ፍጹም ቅጣት ምት ተመታበት፤ ስድስቱንም ጊዜ በትክክለኛው ወገን ወደቀ። ይህ ዕድል አይደለም። ከ11 ሜትር የተመታች ጠንካራ ኳስ ግቡ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትወስድም፤ ግቡ ደግሞ ስፋቱ 7 ሜትር ከ32 ነው። ስለዚህ በረኛ ኳሷን አይቶ ሊደርስባት አይችልም፤ አስቀድሞ ማወቅ ወይም መገመት አለበት። ቪዲዮው የሚያስተምረው መቺው ጫና ሲበዛበት የሚመርጠውን ወገን፣ ርምጃው ሲያጥር ወይም ሲረዝም የሚያደርገውን፣ የቆመ እግሩ የሚጠቁምበትን አቅጣጫ ነው። ይህን በሀገር ቤት ክለብም መሥራት ይቻላል። አንድ ደብተር፣ የመቺው ስም፣ የመታበት እግር፣ የሄደችበት ወገን፣ የጨዋታው ደቂቃና ውጤት። አሥር ምት ያህል የተመዘገበበት መቺ ልማዱን መደበቅ ይከብደዋል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በኤፕሪል 2014 በአትሌቲኮ ማድሪድ ሜዳ በወደቀበት ትከሻው ተጎዳ። በበጋው ቲቦ ኩርቷ ከዚያው ከአትሌቲኮ ውሰት ተመለሰና ቦታውን ወሰደ። ቼክ በ2014/15 በሊጉ 7 ጊዜ ተሰልፎ አራተኛውን የሊግ ሜዳሊያ አገኘ። ለቼልሲ በ494 ጨዋታ ተሰልፎ በ228ቱ መረቡን አላስደፈረም።

በጁን 2015 ወደ አርሰናል ሄደ። የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ በዌስትሃም 2 ለ 0 የተሸነፉበትና እሱም የተሳሳተበት ነበር፤ እንደ አንፊልዱ ሁሉ አጀማመሩ መጥፎ ሆነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ግን በበርንማውዝ ላይ 170ኛውን ያልተደፈረ ጨዋታ አስመዝግቦ የዴቪድ ጄምስን ክብረ ወሰን ሰበረ። በማርች 2018 የዋትፎርዱን ትሮይ ዲኒ ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ 200ኛውን ደፈነ። ሲያበቃ 202 ደርሶ ነበር፣ በ443 የሊግ ጨዋታ። ለሀገሩ 124 ጊዜ ተሰልፎ በ2016 ከአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ፤ ቁጥሩ የቼክ ሪፐብሊክ ክብረ ወሰን ነው።

ያወጣው ጉዳት ሳይሆን የሥራው መለወጥ ነው ብለን እናምናለን። በ2018 ኡናይ ኤምሪ ሲመጣ በረኛው ከእግሩ ጨዋታ እንዲጀምር ተፈለገ። በማንችስተር ሲቲው የመክፈቻ ጨዋታ ቼክ በጫና ሥር ያቀበላት ኳስ በገዛ ግቡ ልትገባ ለጥቂት ሳተች። እጁ አሁንም ያው እጅ ነበር፤ የተጠየቀው ግን በ1999 ማንም ያላስተማረው ሙያ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ የታፋ ጡንቻው ሲጎዳ በርንድ ሌኖ ገባ፣ በሊጉም ቆየ። ዛሬ የ12 ዓመት በረኛ የሚያሠለጥን ሰው የልምምዱን ሲሶ ለእግር ሥራ፣ በሁለቱም እግር፣ ሳይመድብ መቅረት የለበትም።

ቼክ በጃንዋሪ 2019 ጡረታውን አስታወቀ። የመጨረሻው ጨዋታ በሜይ 29 ባኩ ላይ የተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ሆነ፤ ተጋጣሚው ቼልሲ። 4 ለ 1 ተሸነፉ። ቆቧ ያን ምሽትም በራሱ ላይ ነበረች። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በኦክቶበር፣ በእንግሊዝ ጊልድፎርድ ፊኒክስ ለሚባል የበረዶ ሆኪ ክለብ ግብ ጠባቂ ሆኖ ገባ። በመጀመሪያው ጨዋታ በመለያ ምት ሁለት አድኖ የጨዋታው ምርጥ ተባለ።